ለባልንጀራ የቤት ሥራ መሥራት ፍቅር ነውን?

በዚህ እትም ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ሲያዩት ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል ያላጋጠመው አለ ብለን አናምንም። አንድ ባልንጀራችን በኢንተርኔት የሚሰጥ የታሪክ ትምህርት ይከታተላል እንበል። በየጊዜው ጽፎ የሚልከው የቤት ሥራ፣ ሁላችንም አሳይመንት የምንለው፣ ይታዘዛል። የማስረከቢያው ቀን ይደርሳል፤ እርሱ ግን አልጻፈም። አንዳንዴ ስላልቻለ ነው፤ አንዳንዴም ስላልፈለገ። «እባክህ የኔንም አብረህ ጻፍልኝ» ይለናል። ብንጽፍለት ወደድነው ማለት ነውን? ወይስ በደልነው?

መልሱ ቀላል ነው የሚሉ አሉ። የዩኒቨርሲቲን ደንብ ይጠቅሱና የሌላውን ጽሑፍ በራስ ስም ማቅረብ ክልክል ነው ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ደንቡ እውነት ነው። ነገር ግን ደንብ የሚያስቀጣውን ይነግረናል እንጂ ለምን ክፉ እንደ ሆነ አያስረዳንም። ደግሞም ደንብ የሚጠቅሰው ሰው ብዙ ጊዜ በስልኩ ዳታ የሞላለት፣ በቤቱም መብራት የማይጠፋበት ነው።

ስለዚህ የችግረኛውን ወገን አስቀድመን እንመልከት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ተማሪው ወደየቤተሰቡ ተመለሰ፤ ትምህርቱም በቴሌግራምና በኢሜይል ሊከተለው ተሞከረ። ከአምቦ፣ ከጉደር ወይም ከጊንጪ ከተማ ጥቂት ወጣ ሲሉ ይህ አከታተል ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበረ ያየው ያውቀዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ 22 ቀን የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ በማግሥቱም ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ተዘግቶ ቆየ። በእነዚያ ቀናት በአምቦ ኀዘን እንጂ አሳይመንት ያሰበ አልነበረም።

የቋንቋም ነገር አለ። በምዕራብ ሸዋ ብዙው ልጅ በቤቱ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛውን በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በትምህርት ቤት ይለምዳል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ የአያቶቹን ታሪክ በእንግሊዝኛ ጻፍ ይባላል። «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ» የተባለው ትምህርት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ሆኖ ስለሚሰጥ፣ ምሕንድስና ሊያጠና የገባውም ይወስደዋል። እንዲህ ያለው ተማሪ እርዳታ ሲለምን ሰነፍ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። እኛ አንሰድበውም።

በመካከላችን በተደረገው ክርክር ከሁሉ የበረታውን ሐሳብ ያቀረበው የገበሬ ልጅ የሆነ ወንድማችን ነበር። «በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፍ ሲደርስ አባቴ ቢታመም ማሳው አይቀርም፤ ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ያጭድለታል። ማን አጨደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዳዶም ከሆነ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ ነው። በማጭድ ሲረዳዱ የሚመሰገኑ ሰዎች በብዕር ሲረዳዱ ኀጢአተኞች የሚሆኑት ለምንድን ነው?» አለን። ለጊዜው ሁላችንም ዝም አልን፤ ጥያቄው የሚናቅ አልነበረምና።

ቆይተን ስናስበው ግን ልዩነቱ ከእህሉ ላይ ሆኖ አገኘነው። በደቦ የታጨደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ እንጀራ ይሆናል፤ የታመመውም ሰው ይበላዋል፤ የማን ማጭድ እንደ ቆረጠው ለሆዱ ልዩነት የለውም። በቤት ሥራ ግን እህሉ ወረቀቱ አይደለም። መምህሩ ወረቀቱን አይበላውም፤ እንዲያውም ክምር ሆኖበታል። እህሉ ተማሪው ሲያነብና ሲጠራጠር፣ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ነገር ሳይስማሙ አግኝቶ የትኛው ልክ ነው ብሎ ሲጨነቅ በውስጡ የሚበቅለው ነው። እንግዲህ ለባልንጀራው የጻፈለት ሰው ማሳውን አጭዶ፣ ፍሬውን ወደ ራሱ ጎተራ አግብቶ፣ ለባለ ማሳው ገለባውን ተወለት ማለት ነው። ገለባም ለከብት ይጠቅማልና አንንቀው፤ ነጥብም ያስገኛል። ነገር ግን በመከር ጊዜ ለታመመ ጎረቤቱ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አላየንም።

ሌላም ተቃውሞ ቀረበ። መቅዳት ነውር ከሆነ አባቶቻችን ምን ሲሠሩ ኖሩ? የሚል ነው። በእውነትም ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ በመቃ ብዕር ወራት የሚፈጅ መጽሐፍ ቃል በቃል ይገለብጣል። እንዲያውም ከራሱ ቢጨምር ነው ነውሩ። ይሁን እንጂ በብዙ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ያለውን ማስታወሻ የተመለከተ ሰው፣ ያጻፈው እገሌ፣ የጻፈው እገሌ ተብሎ ተለይቶ ያገኘዋል፤ ጸሐፊውም ስለ ስሕተቱ ይቅርታ፣ ስለ ራሱም ጸሎት ይለምናል። የዮሐንስ አፈ ወርቅን ድርሳን ገልብጦ «ድርሳኑ የእኔ ነው» ያለ ቁም ጸሐፊ አልሰማንም። (ይህችም ጽሑፍ ተባዝታ ነው እጃችሁ የገባችው፤ ማባዣው ግን ስሜን ጻፉልኝ አላለም።)

ቅኔ ቤት ስንገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዚያ ተማሪው በየዕለቱ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ማቅረብ አለበት፤ የጓደኛን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብ ውርደት ነው። ቅኔን በቃል ማውረድ «መዝረፍ» መባሉ ያስቃል፤ ከማንም ሳይሰርቁ የሚዘርፉበት ቦታ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በ1928 ዓ.ም. ከአምቦ አቅራቢያ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በልጅነታቸው ግእዝና ቅኔ ቀምሰዋል። ታዲያ ቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን የሚጣልበት አይደለም፤ ከፍ ያለው ታናሹን ያስቀጽላል፣ አገባቡን ያሳየዋል፣ ቤት የመታበትንና ያልመታበትን ይነግረዋል። ቅኔውን ግን አይቆጥርለትም። ስለዚህ በአንዱ ቤት መገልበጥ ክብር ነው፣ በሌላው ነውር ነው፤ በሁለቱም ቤት ግን ስሙ የተጻፈው ሰው በእርግጥ የሠራው ሰው ነው።

የታሪክ የቤት ሥራ ከሌላው የሚለየውም እዚህ ላይ ይመስለናል። የሒሳብ መልስ ማንም ቢያወጣው ያው ነው። ታሪክ ግን ምስክርነት ነው፤ ማን አየ? ማን ሰማ? ከማን ሰማ? ተብሎ የሚጠየቅበት ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ እንኳ ለቴዎፍሎስ ሲጽፍ ከዓይን ምስክሮች የተላለፈውን በጥንቃቄ ተከታትሎ እንደ ጻፈ አስቀድሞ ያስታውቃል። እኛም ከአንድ የታሪክ ጽሑፍ ላይ ስማችንን ስናኖር «መርምሬ ይህን አገኘሁ» ማለታችን ነው። ሳይመረምሩ እንዲህ ማለት ከሐሰት ምስክርነት በምን ይለያል?

ነገሩን አጋነናችሁት እንዳትሉን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተባለው፣ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደየትውልድ አካባቢያቸው እየሄዱ ሽማግሌዎችን ይጠይቁ ነበር። በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች መጨረሻ የተጠያቂዎቹ ስም፣ ዕድሜና ቃላቸውን የሰጡበት ቦታና ቀን ይዘረዘራል፤ የቁም ጸሐፊውን ማስታወሻ ያስታውሰናል። ከእነዚህ የተማሪ ሥራዎች አብዛኞቹ አልታተሙም። ነገር ግን እንደ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ያሉ የታሪክ ሊቃውንት በመጻሕፍታቸው እየጠቀሱ ተጠቅመውባቸዋል። ከሃምሳ ዓመት በፊት ሸምግለው የተጠየቁት ሰዎች ዛሬ በሕይወት የሉም። እንግዲህ ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ የቤት ሥራውን ለጓደኛ ሰጥቶ፣ ጓደኛውም ቤቱ ተቀምጦ ከሌላ መጽሐፍ ገልብጦለት ቢሆን ኖሮ፣ የጠፋው የአንድ ተማሪ ዕውቀት ብቻ ባልሆነ።

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። ስለ ከተማችሁ ስም ታሪክ ጻፉ ተባልን እንበል። አምቦ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በይፋ ሀገረ ሕይወት፣ ሆለታም ገነት ትባል እንደ ነበረ ከኢንተርኔት ማንም ያገኘዋል፤ አርባ ተማሪ አንድ ዓይነት ሦስት መስመር ጽፎ ሊልክ ይችላል። አንድ ወንድማችን ግን ጎረቤቱ የሆኑ አዛውንት ዘንድ ሄዶ ቢጠይቃቸው «ልጄ፣ በፖስታው ላይ ሀገረ ሕይወት ብለን እንጽፍ ነበር፤ ከመኪና ስንወርድ ግን አምቦ ገባን እንላለን» አሉት። ይህች አንዲት ቃል መንግሥት ስም ሲያወጣና ሕዝብ ስም ሲጠራ እንደሚለያዩ ከሦስቱ መስመር አብልጣ ታስተምራለች። በአዲስ ዓለምም እንዲሁ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መዲናቸውን ከአዲስ አበባ ወደዚያ ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት እንደ ጀመሩ፣ ለዚህም የእንጨት እጥረት ምክንያት እንደ ነበረ፣ በኋላ ሐሳቡ ቀርቶ ሥፍራው የማርያም ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ መጽሐፍ ይነግረናል። የአካባቢው ሰው ይህን እንዴት አድርጎ እንደሚተርከው ግን ሄዶ የጠየቀ ካልጻፈው ማን ይጽፈዋል?

ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ቻት ጂፒቲና መሰሎቹ ስለ መጡ ጓደኛ መለመንም እየቀረ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ያልተጻፈ መጽሐፍ ከነደራሲው ስም ፈጥረው ሲጠቅሱ መገኘታቸው የታወቀ ነው። ጓደኛ ሲዋሽ ቢያንስ ያፍራል። ከዚህም ሌላ ጓደኛ ሲጽፍልን ፍሬው ወደ እርሱ ጎተራ ይገባ ነበር፤ በዚህኛው ግን ገለባው ብቻ ሲመላለስ ይኖራል። በገንዘብ አሳይመንት ስለሚሠሩት ብዙ አንልም፤ ንግድ መሆኑን ራሳቸውም አይክዱም። በፍቅር ስም የሚደረገው ግን ይበልጥ ያሳስበናል፣ እምቢ ለማለት ያስቸግራልና።

እንርዳ ከተባለ መንገዱ አይጠፋም። ከጌዶ ወጣ ብሎ የሚኖር አንድ ባልንጀራችን ኢንተርኔት ባጣ ጊዜ አምቦ ያለው ጓደኛው ጥያቄውን በስልክ አነበበለት፤ እርሱም መልሱን በደብተር ላይ ጽፎ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላከለት፤ ጓደኛውም በኮምፒውተር ጽፎ፣ ከግርጌውም በማን እጅ እንደ ተጻፈ አስታውቆ ላከው። ይህ ልክ የቁም ጸሐፊ ሥራ ነው። ያልተስማማንበት ነገር ቢኖር እንግሊዝኛውን ማረም ይገባዋል አይገባውም የሚለው ነው። ግማሾቻችን የፊደል ግድፈት ይታረም፣ ዐረፍተ ነገሩ ግን አይነካ አልን፤ ሌሎቹ ደግሞ የተሰበረ ዐረፍተ ነገር ሐሳቡን ከደበቀው መጠገን እንጂ መተው ፍቅር አይደለም አሉ። ክርክሩ አላለቀም።

«የሚላክለትን ሳያነብ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነጥብ የሚሰጥ መምህር ቢኖርስ? ለማይነበብ ጽሑፍ ሽማግሌ ማድከም ምን ይባላል?» ያለችን እኅትም ነበረች። እንዲህ ያለ መምህር የለም ልንላት አልቻልንም። ያደረግነው ነገር ቢኖር፣ ሽማግሌ ተጠይቆበት የተሠራ የቤት ሥራ አንድ ቅጂ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ቁም ሣጥን እንዲቀመጥ ነው። እስከ አሁን አራት ጽሑፎች ገብተዋል፤ ሁለቱ ስለ ጉደር ናቸው፤ አንዱ በእርሳስ ስለ ተጻፈ ሳይደበዝዝ የሚገለብጠው ሰው እየፈለግን ነው።