ከሩቅ የሚያቀርብ ዓይን፦ ማየት መቻል ፈቃድ ነው?

 

የዛሬው ማስታወሻችን ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው፤ ኪስ ውስጥ ስለምትገባ ባለ ዙም ካሜራ። «አንተ» እያልኩ ብጽፍም ላንቺም ነው እህቴ።

ስልክ በሁሉም እጅ ባለበት ዘመን ይህችን ካሜራ የሚፈልግ ወጣት አልጠፋም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ስልክ ከተወሰነ ርቀት በኋላ «የሚያቀርበው» ምስሉን ቆርጦ በማተለቅ ስለሆነ ይደበዝዛል። የኪስ ካሜራዋ ግን ሌንሷ ወጣ ብሎ፣ በውስጡ ያሉት መስታወቶች ቦታ እየቀያየሩ፣ ሩቁን ነገር በእውነት አጉልተው ያመጡታል።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣት ፓወርሾት ኤስኤክስ740 ክብደቷ 300 ግራም ገደማ ነው። ዙሟ 40 እጥፍ ነው፤ በፎቶ አንሺዎች አቆጣጠር ከ24 እስከ 960 ሚሊ ሜትር። ለዓይናችን እይታ የሚቀርበው 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ስለሚባል፣ ዙሙን እስከ መጨረሻው ስትስበው ዓይንህ ከሚያየው ወደ 19 እጥፍ ታቀርባለህ። እንግዲህ አስላው። 40 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው 2 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይታይሃል።

2 ሜትር ምን ዓይነት ርቀት ነው? «አሰላሙ ዐለይኩም» የምትባባልበት ርቀት ነው። ሰው ወደ ሰው ፊት በዚህ ያህል ሲጠጋ ሰላም ይላል፣ ሰላም ይመለስለታል፣ «ምን ፈልገህ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ዙም ይህን ሁሉ ያስቀርልሃል። ቅርበቱን ይሰጥሃል፣ ሰላምታውን ግን ይወስድብሃል። አንተ ፊቱ ላይ ቆመሃል፤ እሱ ግን መምጣትህን አያውቅም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ማየት መቻል፣ ለማየት ፈቃድ ነው ወይ?

መጀመሪያ አንድ ነገር ለይተን እናስቀምጥ። ፎቶ ራሱ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል። ከመቶ ዓመት በፊት የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አልሙጢዒ ፎቶ ጥላን ይዞ ማስቀረት እንጂ አዲስ ቅርጽ መፍጠር አይደለም በማለት ፈቅደዋል። ካስፈለገ ጉዳይ ውጪ የከለከሉም ታላላቅ ዑለማዎች አሉ። ያንን ከምታምናቸው ኡስታዞች ጠይቅ። እዚህ የምናወራው «ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል» ብለህ ካሜራ ከያዝክ በኋላ ስላለብህ አደራ ነው።

ወንድሜ፣ ዲናችን የዓይንን ነገር ቀላል አላደረገውም። ቡኻሪና ሙስሊም ከሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) የዘገቡትን ሐዲስ አስታውስ። አንድ ሰው በቀዳዳ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ክፍል አጮልቆ አየ። እሳቸው ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉበት ብረት በእጃቸው ነበር። እያየ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ በዚያው ብረት ዓይኑን ይወጉት እንደነበር ነገሩት፤ ወደ ሰው ቤት ሲገቡ ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገውም ለዓይን ሲባል መሆኑን አስተማሩ።

ልብ በል! ሰውየው በሩን አልሰበረም። እግሩ ደጃፉን አላለፈም። የገባው ዓይኑ ብቻ ነው። በኢስላም ግን ዓይን ከገባ፣ ሰው ገብቷል። እንግዲህ ያ ቀዳዳ ዛሬ ኪስህ ውስጥ ቢሆንስ? ለቀዳዳ ቢያንስ ግድግዳው ድረስ መሄድ ያስፈልግ ነበር። ዙም መሄድንም አስቀረ።

«ዓይኔ ድንገት አረፈ» የሚል ምክንያትም እዚህ አይሠራም። ድንገት ለወደቀ እይታ ሰው አይጠየቅም፤ አስከትሎ የሚያየው ግን በሱ ላይ ነው። ዙም ደግሞ በድንገት አይሆንም። ሰው መርጠህ፣ አዝራሩን ተጭነህ፣ ሌንሱ እስኪወጣ ጠብቀህ፣ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሽህን ይዘህ ነው። ከዚህ የበለጠ ታስቦበት የሚደረግ እይታ አለ?

ይህን ስል ዙም ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ሱብሃነላህ፣ የረመዳንን ጨረቃ በማዕዘኗ ቀጭን ሆና ማየት፣ የሚናራ ጫፍ ላይ የተቀመጠችን ወፍ ላባዋን መቁጠር ኒዕማ ነው። ሰሜን ተራሮች ሄደህ ዋልያን ወይም ጭላዳን ከሩቅ ብታነሳ፣ መራቅህ ራሱ አክብሮት ነው፤ ብትጠጋ ታስበረግጋለህ። ዋልያን ፈቃድ መጠየቅ አትችልም። ሰውን ግን ትችላለህ። ለእንስሳው ደግነት የሆነው ርቀት፣ ለሰው ሲሆን ከጥያቄ ማምለጫ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሚከብደው እንምጣ። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ መስጂድ በር ላይ እጇን ዘርግታ የተቀመጠች እናት አለች እንበል። አንተ ከመንገዱ ማዶ ነህ። ኒያህ ያማረ ነው፤ ፎቶዋን ፖስት አድርገህ ሰዎችን ለሰደቃ ልታነሳሳ ነው። ፊቷን አቀረብከው፣ አነሳህ፣ ለጠፍክ። ብር ተሰበሰበ እንበል። ምን ጠፋ?

ያቺ እናት እዚያ በር ላይ በሚያልፉ ሰዎች ለመታየት ፈቅዳለች፤ ችግር አስገድዷት። በአገሯ ሰዎች፣ በጎረቤቶቿ፣ በልጆቿ ጓደኞች ለመታየት ግን አልፈቀደችም። ምናልባት ለልጆቿ «ሥራ እየሠራሁ ነው» ብላ ይሆናል። የቀራት ሀብት እሱ ቢሆንስ? አንተ ሰደቃ ልትሰበስብላት ስትል፣ የቀራትን ወሰድክባት። መንገዱን ተሻግረህ ሰላም ብትላት ግን ይህን ራሷ ትነግርህ ነበር። ዙሙ ያስቀረብህ ያንን ንግግር ነው።

«አደባባይ ላይ ያለን ሰው ማንሳት ምን ችግር አለው?» ትለኝ ይሆናል። የአገራችን ሕግ እንኳ ነገሩን እንደዚህ ቀላል አላደረገውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይደነግጋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ደግሞ ለሕዝብ ጉዳዮችና በአደባባይ ለተደረጉ ነገሮች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። እንግዲህ የዒድ ሰላትን ሕዝብ ስታዲየም ሙሉ አድርገህ ብታነሳ ማንም ተለይቶ አልተነካም። ከዚያ ሰልፍ መሐል እያለቀሰ ዱዓ የሚያደርግን አንድ አባት ነጥለህ ፊቱን ብታቀርብ ግን ነገሩ ተለወጠ። ያ እንባ የተላከው ወደ አላህ ነበር። አድራሻውን የቀየርከው አንተ ነህ።

ሌላም አለ፤ ፎቶ አንሺዎች የሚያውቁት፣ ተመልካች ግን የማያውቀው። ከሩቅ ሆነህ በዙም ስታነሳ በፊትና በኋላ ያሉ ነገሮች ተጠጋግተው ይታያሉ። በ10 ሜትር የሚራራቁ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት፣ ፎቶው ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሊመስሉ ይችላሉ። ካሜራዋ አልዋሸችም፤ አንተም ምንም አልጨመርክም። ግን ያ ፎቶ ሰፈር ውስጥ ቢዞር ምን ይባላል? በሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ላይ ክልከላው በምን ቅደም ተከተል እንደመጣ አስተውል፦ መጀመሪያ መጥፎ ጥርጣሬ፣ ከዚያ መሰለል፣ ከዚያ ሐሜት። አንዱ ለሌላው በር ይከፍታል። አንዲት ፎቶ ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ልትከፍት ትችላለች።

አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ግን አለ። «ግፍ ሲፈጸም ባይስ? ግፈኛውን ፈቃድ ልጠይቅ?» አይደለም። ኢማም ነወዊ ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ የመጀመሪያው የተበደለ ሰው አቤቱታ ነው። ፎቶም ከዚህ የሚለይ አይመስለኝም። ግፍን ከሩቅ ማንሳት ምስክርነት ሊሆን ይችላል። ምስክር ግን የት እንደሚመሰክር ያውቃል፦ ግፉን ሊያስቆም፣ ሐቁን ሊያስመልስ ለሚችል አካል። የተደበደበውን ሰው ፊት ለላይክ መለጠፍ ምስክርነት አይደለም፤ እሱን ሁለተኛ ጊዜ መበደል ነው።

«ከጠየቅኩ ደግሞ ሰው ይደርቃል፣ ተፈጥሯዊው ፈገግታ ይጠፋል» የሚልም አለ። እውነት ነው። ለዚህ መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ጊዜ መስጠት ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር ቡና ጠጣ፣ ካሜራህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ፤ ከቆይታ በኋላ አንተንም ካሜራህንም ይረሷችኋል። ሁለተኛው፣ ቅጽበቱ ካመለጠ የማይመለስ ከሆነ አንሳና ወዲያው ሂድ። ስክሪኑን አሳይ። «ይህን አንስቻለሁ፤ ይቆይ ወይስ ላጥፋው?» በል። እስኪፈቀድልህ ድረስ ያ ፎቶ እጅህ ላይ ያለ የሰው ዕቃ ነው። «አጥፋው» ካለህ ፊቱ እያየ አጥፋው። ከፈቀደ ደግሞ አሳትመህ ስጠው። ብዙ እናትና አባት ስልክ ሙሉ ፎቶ እየተነሱ ግድግዳቸው ላይ አንድ የላቸውም።

አንድ ነገር አትርሳ፦ ለመነሳት የተሰጠ ፈቃድ ለመለጠፍ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። እህትህ ሠርግ ቤት ውስጥ በሴቶች መሐል «አንሺኝ» ማለቷ፣ «ለዓለም አሳዪኝ» ማለቷ አይደለም። ሁለቱ ለየብቻ ይጠየቃሉ።

ስለዚህ ካሜራ ካለህ ይህን ሳምንት አንድ ነገር ሞክር። ፎቶ የምታከማችበትን ማህደር ክፈትና ከሩቅ ያነሳሃቸውን ፊቶች አንድ በአንድ እያቸው። ለእያንዳንዱ ፊት «ይህ ሰው አሁን አጠገቤ ቢቀመጥ ስክሪኑን አሳየው ነበር ወይስ እሰውረው ነበር?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። እጅህ ለመሰወር የሚቸኩልበትን ፎቶ ሌላ ሰው ፈትዋ እስኪሰጥህ አትጠብቅ፤ አጥፋው።

ከዚያ ወጣ በልና አንድ ሰው ምረጥ። ዙሙን ሳትነካ በእግርህ ሂድ። ሰላም በል። 40ውን ሜትር የምትራመደው አንተ ሁን እንጂ ሌንሱ አይሁን።

አላህ ዓይናችንን ከኺያና ይጠብቅልን፤ ያየነውን ሐቅ ከሚመሰክሩ፣ የሰውን ነውር ከሚሸፍኑ ያድርገን። አሚን።

በዛሬው ቀን በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማውረድ አትርሱ።