ታናሽህ ከኋላህ ተቀምጧል

ልጆቼ፣ አስፈሪ ፊልም አትዩ ልላችሁ አልተነሣሁም። ብልስ ማን ይሰማኛል? ስልኩ በእጃችሁ፣ ፊልሙ በቴሌግራም። ደግሞም አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ መደንገጥ ቢያምረው አልፈርድበትም። ልብ ድው ድው ሲል፣ ከጎን ያለው ጓደኛ ሲጮህ፣ ከዚያ ሁሉም እርስ በርሱ ሲሣሣቅ ደስ ይላል። የእኔ ነገር ሌላ ነው። እናንተ ስታዩ ከሶፋው ጀርባ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በአንድ ዓይኑ አብሯችሁ ስለሚያየው የስድስት ዓመት ልጅ ነው።

ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር የሚወቀሱት ወላጆች ናቸው። ይወቀሱ፤ የሚገባቸው አሉ። ግን አባት ከሥራ ሳይመለስ፣ እናት ማጀት እያለች ሪሞቱን የያዘው ማን ነው? ታላቅ ወንድም ነው፤ ታላቅ እህት ናት፤ ለትምህርት ከክፍለ ሀገር የመጣ የአክስት ልጅ ነው። በእኛ አገር ልጅን ግማሽ በግማሽ የሚያሳድገው ልጅ ነው። ወላጆቻችሁን ትቼ ከእናንተ ጋር የማወራው ለዚህ ነው።

«እሱ እኮ ምንም አይገባውም» ትሉ ይሆናል። ጣጣው የሚመጣውም ስለማይገባው ነው። ጆአን ካንተር የተባሉ የአሜሪካው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ልጆች ከፊልም ይዘው የሚወጡትን ፍርሃት ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። ከጥናቶቹ አንዱ «ሃልክ» በሚባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ነበር። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ደጉ ሰውዬ ሲቆጣ ወደ አረንጓዴ ግዙፍ ፍጡር ይለወጣል። ትልልቆቹ ልጆች ግዙፉ የመጣው ሰው ሊያድን መሆኑን ስለሚያውቁ አልተጨነቁም። ገና ትምህርት ቤት ያልገቡት ግን ሰውዬው ከተለወጠ በኋላ ፈሩ። ደግነቱ አልታያቸውም፤ የታያቸው መልኩ ነው። የተገላቢጦሹም አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 የኑክሌር ጦርነትን የሚያሳይ «ዘ ደይ አፍተር» የተባለ ፊልም በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ብዙም ያልተረበሹት ትንንሾቹ ነበሩ። ጎረምሶቹና ወላጆቻቸው ናቸው የተሸበሩት፤ የነገሩን ትርጉም ያወቁት እነሱ ናቸውና። ስለዚህ ለትንሽ ልጅ የቱ እንደሚከፋ በራሳችሁ ፍርሃት ልትለኩ አትችሉም። እናንተ የምትስቁበት ጭምብል እሱን ሌሊቱን ሙሉ ሊያስለቅሰው ይችላል።

«ውሸት እኮ ነው፣ ተዋናይ ነው፣ ቀለም ነው» የሚለው ማባበያም ዕድሜ ይፈልጋል። ሰባትና ስምንት ዓመት ካለፈው ልጅ ጋር ይሠራል፤ እንዲያውም በደንብ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው «ሳይኮ» ፊልም ገላ መታጠቢያው ውስጥ የሚፈሰው ደም የቸኮሌት ሽሮፕ መሆኑን ንገሩት፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማንም አያውቅበትም። በ1975ቱ «ጆውስ» ላይ ሻርኩ ብዙ የማይታየው ደግሞ ማሽኑ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገራቸው ነው፤ ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ በሙዚቃና በውኃው ገጽታ ብቻ ሊያስፈራ ተገደደ። አሥር ዓመት የሞላት ልጅ ይህን ስትሰማ ትስቃለች። የአምስት ዓመት ልጅ ግን ቃል በቃል ይደግምላችሁና፣ «አዎ፣ ውሸት ነው» ይልና፣ መልሶ ያለቅሳል። ለእሱ የሚበጀው ወሬ ሳይሆን መብራት ማብራት፣ ማቀፍ፣ የሚጠጣ ነገር መስጠት፣ አጠገቡ መተኛት ነው።

አንድ የማውቀው የሰባት ዓመት ልጅ አለ። የሚኖሩበት ግቢ ሽንት ቤት ከዋናው ቤት ራቅ ብሎ ከአጥሩ ጥግ ነው። ወንድሞቹ በአንድ ቅዳሜ ማታ ከጉድጓድ የምትወጣ ፀጉረ ረጅም ሴት ያለችበትን ፊልም ሲያዩ አብሮ አየ። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ የእህቱን የቀሚስ ጫፍ ጨብጦ ካልሆነ ከቤት አይወጣም፤ እዚያም ደርሶ በሩ እንዲዘጋ አይፈቅድም፣ ዓይኑን ከቀዳዳው ላይ አያነሣም። ወንድሞቹ «ፈሪ» እያሉ ሳቁበት። ከዚያ አልጋውን ማራስ ጀመረ። እናቱ ብርድ ያገኘው መስሏት የጤፍ አጥሚት እያጠጣች ሰነበተች፤ ፊልሙን ማንም አልነገራትም።

ይህ ዓይነቱ ነገር በሳምንት የሚረሳበት ልጅ አለ፣ የማይረሳበትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ካንተርና ክሪስተን ሃሪሰን የተባሉት ባልደረባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቀው ነበር። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በልጅነታቸው ወይም በጉርምስናቸው ያዩት አንድ ነገር ከፊልሙ በኋላም እንዳስጨነቃቸው ተናገሩ። ሩብ ያህሉ ደግሞ ጭንቀቱ ገና እንዳልለቀቃቸው ገለጹ። ዋና የማይዋኙ፣ ብቻቸውን የማይተኙ ጎልማሶች ነበሩባቸው። አእምሮ የሚያውቀውን ሰውነት አልሰማ ይላል፤ ሻርክ በሌለበት ሐይቅ ዳር ቆሞ እንኳ ልብ ይደነግጣል።

እስቲ ወደ ድሮ ልመለስ። በየከተማው ቪዲዮ ቤት ነበረ፤ አግዳሚ ወንበር፣ የተጋረደ መስኮት፣ ደጁ ላይ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስም። ሕፃናት ሳንቲማቸውን ይዘው ይገቡ ነበር፤ የማይገባቸውንም ያዩ ነበር፤ ያ ዘመን የተሻለ ነበር ብዬ አላሞኛችሁም። ግን በር ነበረው። በሩ ላይ ያለው ሰውዬ አንዳንዴ «አንተ፣ ይሄ ላንተ አይሆንም» ብሎ ይመልስ ነበር። አሁን በር የለም፣ ሰውዬውም የለም። በሩ ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

ፊልሞች የዕድሜ ቁጥር አላቸው። አሜሪካኖቹ ይህን አሠራር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ1984 «ኢንዲያና ጆንስ» ውስጥ የሰው ልብ ከደረቱ ሲመዘዝ ሕፃናት ስላዩ ብዙ ወላጅ ጮኸና በዚያው ዓመት ከአሥራ ሦስት በታች ላሉት ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ አዲስ ደረጃ ተጨመረ። ቁጥሩ ፍጹም አይደለም። ቢሆንም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አይቶ የሰጠው ፍርድ ነው። ችግሩ ፊልሙ በፍላሽ ሲገለበጥ ወይም በቴሌግራም ሲመጣ ቁጥሩ መንገድ ላይ ይቀራል። የትርጉም ፊልም ከሆነማ ይብሳል፤ ተራኪው በአማርኛ እየቀለደ ስለሚያወራ ሁሉም ሰው ለቤተሰብ የተሠራ ይመስለዋል። ከመክፈታችሁ በፊት የፊልሙን ስም ጎግል ላይ ጻፉና ቁጥሩን እዩ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ቅዱስ ነገር ያለበት ፊልምም ከዚህ አይወጣም። በሰሞነ ሕማማት በብዙ ቤት የሚከፈተው የሜል ጊብሰን «ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት» በእንግሊዝ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላለ የተከለከለ ነው፤ የግርፋቱ ትዕይንት ረጅምና ጭካኔ የሞላበት ነውና። አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ጭን ላይ ተቀምጣ ስታየው ግን ማንም አይገርመውም። ይህን የምለው ቅር የሚለው ሰው እንዳለ እያወቅሁ ነው። የልጆች ጨዋታ ያለበትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮሪያው ተከታታይ ፊልም «ስኩዊድ ጌም» ሲወጣ በውስጡ ያለችውን አሻንጉሊትና ጨዋታውን አይተው ሕፃናት ወደዱት፤ ቤልጂየም ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ጨዋታውን እየተጫወቱ የተሸነፈውን ሲመቱ አግኝቶ ወላጆችን አስጠነቀቀ።

ስለ መኝታ ቤት ትዕይንት ደግሞ አፍሬ አላልፍም፤ እናንተም እንደማታፍሩ አውቃለሁ። ትንሽ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ብዙ ጊዜ የሚመስለው ድብድብ ነው፤ አንዱ ሌላውን የሚጎዳ። ደግሞም አይጠይቅም። ሲታይ ሁሉም ዝም ስለሚል፣ ስለሚያስልና ሪሞት ስለሚፈልግ፣ የማይጠየቅ ነገር እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ለእናንተ ለራሳችሁም አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ኤች ቢ ኦ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድርጅት እንዲህ ያሉ ትዕይንቶች ሲቀረጹ እጅ የት እንደሚያርፍ ሳይቀር አስቀድሞ የሚያስተካክልና ተዋናዮቹ መስማማታቸውን የሚያረጋግጥ ባለሙያ ይመድባል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ተነጋግረው የወሰኑት ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ማንም ማንንም ሲጠይቅ አታዩም። ፍቅር ያለ ጥያቄ የሚሆን የሚመስለው ጎረምሳ ይህን የተማረው ከየት ይመስላችኋል?

ከእናንተ መካከል ማየት የማይፈልግ ግን «ፈሪ» መባልን የሚጠላ ልጅ መኖሩንም አውቃለሁ። ንግግር አታብዛ። «ሻይ ላፍላ» ብለህ ተነሣ፤ ታናሽህንም «ና ስኳሩን ያዝልኝ» በለውና ይዘኸው ውጣ። ማንም ሻይ አልፈልግም አይልም። መቀመጥ ግድ ከሆነ ድምፁን ቀንሰው፤ የዚህ ዓይነት ፊልም ግማሽ ጉልበቱ ድምፁ ነው። ድምፁ ሲጠፋ ጭራቁ ቀለም የተቀባ ሰው ሆኖ ይታያል።

ካየ በኋላ ከሆነ የነቃችሁት፣ አትሣቁበት። በነጋታውም «ያቺ መጣች!» ብላችሁ በጨለማ አታስደንግጡት፤ ቀልዱ ለእናንተ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም። በዚያው ማታ ለእናታችሁ ንገሯት። ትቆጣለች፤ ስልካችሁንም ልትቀማ ትችላለች። ቢሆንም የፊልሙን ስምና ያስፈራውን ነገር በግልጽ ንገሯት፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጁ «ያቺ ሴትዮ» እያለ ሲነሣ ስለ ማን እንደሚያወራ ማወቅ ያለባት እሷ ናት።