ራስ የሚመስል ሁሉ ራስ ነውን?



በመስከረም አንዲት አደይ አበባ ስንቀጥፍ አንድ አበባ ብቻ የያዝን ይመስለናል። ይሁን እንጂ የዕፀዋት ሊቃውንት በላቲን «ካፒቱሉም»፣ ማለትም «ትንሽ ራስ» የሚሉት ይህ ክፍል የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው። ኑግና ሱፍም እንዲሁ ናቸው። የፈረንጅ ሱፍን ብንመለከት፣ በዳር የተዘረጉት ደማቅ ቢጫ አበቦች ዘር አይሰጡም፤ ሥራቸው ንብን መጥራት ነው። ዘር የሚሰጡት በመካከል ተጨናንቀው ዓይን የማይገቡት ናቸው።

ከእንስሳት ወገን ደግሞ መዥገር አለ። ከፊቱ ብቅ ያለው ክፍል በዚሁ ስም ይጠራል፤ ነገር ግን የሚወጋና የሚመጥ አፍ እንጂ አንጎል የለበትም። አንጎሉ በገላው ውስጥ ነው።

እንግዲህ ራስን ራስ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ከፊት መገኘት ከሆነ መዥገርም ራስ አለው። መታየትም በራሱ ነውር አይደለም፤ የዳር አበቦች የሚታዩት ሌሎቹ እንዲያፈሩ ነውና። መዥገር ተፈጥሮው ስለሆነ አይወቀስም፤ ሰው ግን መምረጥ ይችላል። ስለዚህ በቤተሰብም ሆነ በማኅበር፣ በመቅደስም ጭምር ከፊት የምንቆም ሁላችን፣ ካህናትም ሳንቀር፣ ማታ ማታ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ዛሬ በእኛ መታየት ማን አፈራ?