ከደጃችን የወጣው ቆሻሻ የማን ነው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ እጅ ነው። በምኖርበት በቤቴል ሰፈር ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ቆሻሻ ከሚሰበስቡት መካከል አንዲት እናት አሉ። አንድ ማለዳ ማዳበሪያውን ሲቀበሉኝ ቀኝ እጃቸው ታስሮ አየሁና ምን እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። «ባለፈው ሳምንት ከእናንተው ቤት የወጣ ብርጭቆ ነው» አሉኝ፤ ቁጣም ወቀሳም በሌለበት ድምፅ።

ብርጭቆውን የሰበርኩት እኔ ነበርኩ። ስብርባሪውን ጠርጌ፣ ከድንች ልጣጩና ከሕፃኑ ዳይፐር ጋር አንድ ላይ ከትቼ፣ የማዳበሪያውን አፍ በሲባጎ አስሬ አውጥቼዋለሁ። ቤቴ ጸዳ። ንጽሕና የኢማን ክፍል መሆኑን ለልጆቼ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የእኔ ንጽሕና ግን በሌላ ሰው መዳፍ ላይ ቁስል ሆኖ ጠበቀኝ።

«አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው። «ምን ችግር አለው ልጄ፣ አፉ ብያለሁ» ብለው ጋሪያቸውን ገፉ። እኔን ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። የቆሻሻው ክፍያ ከውሃ ሒሳብ ጋር እየተደመረ ለዓመታት ስከፍለው የኖርኩት ነው። ታዲያ የከፈልኩበት ነገር ከደጄ ሲወጣ ከኃላፊነቴም ይወጣልን? ዑለማዎቻችን የአላህን ሐቅና የሰውን ሐቅ ለይተው ያስተምሩናል። በጌታው ላይ ያጠፋ ተውበት ያደርጋል፤ ሰውን የበደለ ግን ተውበቱ ላይ ባለሐቁን ፈልጎ ማስደሰት ይጨመርበታል። እኔ እኚህን እናት አገኘኋቸው። ከእሳቸው በኋላ ማዳበሪያዬን የፈቱትን ሰዎችስ የት አገኛቸዋለሁ?

የቆሻሻው ጉዞ በጋሪው አያበቃምና። ከጋሪ ወደ ገንዳ፣ ከገንዳ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቆሼ ሲወርድ ኖሯል። ቆሼ ደግሞ ለእኛ ለቤቴሎች ሩቅ አገር አይደለም፤ በአየር ጤና በኩል አልፎ ረጲ ላይ ያለ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ጥራጊ ሲቀበል ተራራ አከለ። መኪና በተራገፈ ቁጥር ፕላስቲኩንና ብረቱን ለቅመው የሚያድሩ ሰዎች እዚያው ሥር ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማምሻውን ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ያን ሰሞን ሁላችንም የሚመለከተው ክፍል የት ነበር ስንል ጠየቅን፤ መጠየቁም ተገቢ ነበር። ተራራውን በየሳምንቱ በማዳበሪያ ማዳበሪያ ስንቆልል የኖርነው እኛ መሆናችንን ሲያነሳ የሰማሁት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከዚያ አስቀድሞ በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ተጎዳን ብለው ስለተቃወሙ በወራት ውስጥ ቆመና ወደ ቆሼ ተመለሰ። ገበሬዎቹ ምን አጠፉ? እኔ ደጄ ላይ አንድ ሌሊት እንዲያድር የማልፈልገውን እነሱ ለዘለዓለም ለምን ይሸከሙ? የፊቅህ ሊቃውንት ጉዳት በሌላ መሰል ጉዳት እንደማይወገድ ማስተማራቸው ለእንዲህ ያለው ነገር ይመስለኛል።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ረጲ ላይ የተመረቀው ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ ከየቤታችን ከሚወጣው ከግማሽ የሚበልጠው ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊና የቡና አተላ ነው። እርጥብ ነገር እንኳን በፋብሪካ በምድጃም በወጉ እንደማይነድ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም።

በመሠረቱ የተጣለን ነገር መልሶ መጠቀም ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ተጫምቶ ያደገ ሰው፣ «ሪሳይክሊንግ» የሚባለውን እንደ አዲስ ግኝት ሲነግሩት ፈገግ ማለቱ አይቀርም። መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌውን በርሜል ምድጃ አድርጎ ይሸጥልናል። «ቁራሌው!» እያለ በየበራችን የሚያልፈው ወጣት ሃይላንዱን፣ ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን በገንዘብ ይገዛናል፤ እኛም ለእሱ ብለን ለይተን እናስቀምጣለን። እንግዲህ መለየት እንችላለን ማለት ነው! ዋጋ የሚያወጣውን ለሳንቲም ስንል እንለያለን፤ የሚቆርጠውንና የሚበክለውን ግን ደባልቀን ለሰው እጅ እንሰጣለን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እንኳ የቤቱ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን እንዲለይ አዝዞ ነበር። ስንቶቻችን ሰማነው?

መቀነሱ ደግሞ ከመለየቱ ይቀድማል። እኚያው እናት አንድ ቀን «በጾማችሁ ወር የእናንተ ማዳበሪያ ይከብዳል» ብለውኛል። በዋዛ ነበር የተናገሩት። እኔ ግን ስለ ኢስራፍ ከሰማኋቸው ኹጥባዎች ሁሉ ይህች አንዲት ቃል አሳፍራኛለች። ያን ዓመት የኢፍጣር ማዕዳችንን በግማሽ ቀነስነው፤ የተራበብን ሰውም አልነበረም።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሐጂ ሦስት ከረጢት ደርድሬ ሲያዩኝ «አንተ ብትለየው ገንዳው ውስጥ መልሶ ይደባለቅ የለም? ምን ያደክምሃል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሲደባለቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ያልኳቸው ይህን ብቻ ነው፦ ገንዳው ጋ እስኪደርስ የሚነካው እጅ አለ፤ እኔ የምጠየቀው ስለዚያ እጅ ነው። ሐጂ አልተረቱልኝም። ልጣጩን ግን አሁን ጓሯቸው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ለጎመኑ ብለው እንጂ ለእኔ ብለው እንዳልሆነም አስታውቀውኛል።

የተሰበረ ብርጭቆ ሲኖር በካርቶን እየከተትኩ በላዩ ላይ በትልቁ «ብርጭቆ» ብዬ እጽፍ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት እናትየዋ ካርቶኑን አገላብጠው አዩና «ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ፊደል እንዳልቆጠሩ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። አሁን በቀይ ጨርቅ አስሬ ነው የማወጣው።