እጅና ነፍስ

የደከመ ወይም የታመመ ሰው ገላው በቅባት ሲታሽ የሚሰማው ዕረፍት የሥጋ ብቻ ነውን፣ ወይስ ነፍስም በዚያ ዕረፍት ዕድል ፈንታ አላት የሚለው ጥያቄ፣ ከቁም ነገር የማይቈጠር ቢመስልም፣ ስለ ሰው ባሕርይ የምናምነውን ሁሉ የሚነካ በመሆኑ ረጋ ብሎ ሊመረመር ይገባዋል።

ሥጋን ማሳረፍ ነፍስን ማስራብ እንዳይሆን የሚፈሩ መንፈሳውያን አሉ፤ በተድላ የሰባ ሥጋ ልቡናን እንደሚያደነዝዝ አበው መነኮሳት በኑሯቸው አስረድተዋልና ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ጾሙም ስግደቱም የሚፈጸመው በዚሁ በሥጋ ነው፤ እንግዲህ የጕልበት ድካም ለነፍስ ጸሎት ሆኖ የሚቈጠርላት ከሆነ፣ የጕልበት ዕረፍት እርሷን አይመለከታትም ማለት በምን ፍርድ ይቻላል? የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ የመለኮትንና የትስብእትን ተዋሕዶ ሲያስረዳ የነፍስንና የሥጋን አንድነት ምሳሌ አድርጎ አቅርቧል፤ ይህን ትምህርት የተቀበለች ቤተ ክርስቲያን ሥጋን እንደ ልብስ የሚወልቅ ባዕድ ነገር አድርጋ ልታይ አትችልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቁኝ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ተያይዘው የተጻፉት ሁለት ፈውሶች ናቸው። የመቶ አለቃውን ብላቴና ከቤቱ ሳይገባ በቃሉ ብቻ የፈወሰ ጌታ፣ ለምጻሙን ግን እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። ቃሉ ይበቃ ነበር፤ ስለዚህ መዳሰሱ ፈውሱ የጠየቀው ሳይሆን ሰውየው የናፈቀው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ በኦሪት ሥርዐት ርኩስ ተብሎ ከሰፈር ውጭ ለብቻው የሚኖር ሰው ከለምጹ ሌላ የሚነካው የማጣት ደዌም ነበረበትና። ቤተ ክርስቲያናችንም ለሕሙማን ምሥጢረ ቀንዲልን ስትፈጽም ጸሎቱን ከቅባቱ፣ ቅባቱንም ከካህኑ እጅ አልለየችም።

ቲፋኒ ፊልድ የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በቀን 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ፣ ለ10 ቀናት ሲታሹ፣ ካልታሹት ይልቅ በቀን 47 በመቶ የሚበልጥ ክብደት መጨመራቸውን ገልጸዋል። ጨቅላ ሕፃን «ታሽቻለሁና ይሻለኛል» ብሎ ራሱን አያጽናናም፤ ጥቅሙ ሁሉ ከሐሳብ የተወለደ ነው የሚል ተጠራጣሪ እዚህ ላይ መልስ ያጣል። እናቶቻችንም አራስ ልጅ አጥበው በቅቤ ሲያሹ የኖሩት የማንንም ምርምር ሳይጠብቁ ነው።

እርግጥ መታሸት የጡንቻን መኰማተርና የወገብን ሕመም ለጊዜው ያቀላል እንጂ ደዌን ሁሉ አይነቅልም፤ በእግሩ የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ያለበትን ሰው ማሸትም ደሙ ተነቅሎ ወደ ሳንባ በመሄድ ሊገድለው ስለሚችል፣ ዕውቀት የሌለው ፍቅር እጁን ሊሰበስብ ይገባዋል።

በዋጋ የሚያሽ ባለሙያ እጅስ የፍቅር እጅ ሊባል ይችላልን? ይችላል እላለሁ። ደጉ ሳምራዊ በቈሰለው ሰው ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቍስሉን ካሰረለት በኋላ፣ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወስዶ ለባለቤቱ 2 ዲናር ሰጠና መንገዱን ቀጠለ፤ ከዚያ ወዲያ ያን ቍስል የማጠቡና የመቀባቱ አደራ የወደቀው ዋጋ በተቀበለው ሰው እጅ ላይ ነበረ፤ ጌታም ምሳሌውን ሲናገር ይህን ሰው አልነቀፈውም።