ከሱቁ ጀርባ ያለው ክፍል

ያለን ገንዘብና ጉልበት ጥቂት ከሆነ ለመጪው ምርጫ ቅስቀሳ እናውለው ወይስ ፍሬው ከዓመታት በኋላ ለሚታይ የሰፈር ሥራ? ይህን ስመረምር ሐሳቤ የሚያርፈው በአሜሪካ፣ በሳውዝ ካሮላይናዋ ጆንስ ደሴት ላይ ነው።

በዚያ ግዛት ለመራጭነት የሚመዘገብ ሰው የሕገ መንግሥት አንቀጽ እንዲያነብ ይጠየቅ ነበር፤ ፊደል ያልቆጠረ ጥቁር ገበሬ እዚያው ይመለሳል። በጥር 1957 (እ.ኤ.አ.) መምህርቷ ሴፕቲማ ክላርክና የደሴቲቱ ነዋሪ ኢሳው ጄንኪንስ ከአንድ የኅብረት ሱቅ ጀርባ ለጎልማሶች የማታ ትምህርት ከፈቱ። ፊት ለፊቱ ሱቅ የሆነው ነጮቹ እንዳይጠረጥሩ ነው። ለማስተማር የተመረጡት በርኒስ ሮቢንሰን ፀጉር ሠሪ ነበሩ። ይህ ምርጫ በጣም ደስ ይለኛል፤ ጎልማሳን የሚያሸማቅቅ የመምህር ልማድ አልነበራቸውምና። መጀመሪያ ተማሪዎቹን ምን መማር እንደሚፈልጉ ጠየቁ። ስም መጻፍ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ፣ የሐዋላ ቅጽ መሙላት ተባለ፤ ትምህርቱም ከዚያ ተነሣ።

ነገር ግን በ1965 የወጣው የምርጫ መብት ሕግ ያንን የንባብ ፈተና በአንድ ፊርማ አገደው። ሕጉን ያፋጠነው ደግሞ በአላባማዋ ሴልማ ከተማ ለመምረጥ መብት የተደረገው ሰልፍ ነው። ታዲያ ስምንት ዓመት ፊደል ከማስቆጠር ሰልፉን ማስቀደም አይሻልም ነበር? ክርክሩን በቀላሉ መጣል አልቻልኩም፤ ሰው መብቱን ለማግኘት ማንበብ እስኪችል ይጠብቅ ማለት ራሱ ግፍ ነውና።

ስለዚህ የሰልፉን ሥር ፈለግሁ። አሚሊያ ቦይንተን ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሴልማ መራጭ ለማስመዝገብ ሲደክሙ ኖረዋል፤ ማርቲን ሉተር ኪንግን የጋበዙትም እሳቸውና የአካባቢው የመራጮች ማኅበር ናቸው። በሌላዋ የአላባማ ከተማ በሞንትጎመሪም ሮዛ ፓርክስ የአውቶቡስ መቀመጫቸውን ለነጭ አልለቅም ብለው በታሰሩበት ሌሊት የአውቶቡስ አድማውን ጥሪ ያባዛው በ1946 የተቋቋመ የሴቶች ማኅበር ነው። ፓርክስ ራሳቸው ከጥቂት ወራት በፊት ክላርክ በመሩት ሥልጠና ተካፍለው ነበር። ሰልፉን ማስቀደም ይቻል ነበር ያልኩት እዚህ ላይ ፈረሰ፤ የሚጠራው ሰው ከየት ይመጣ ነበር?

ሌላ ጥርጣሬ ግን ተተካ። እኔ የማየው የተሳካውን ብቻ ነው፤ ለዓመታት ተሰብስቦ የእሱ ቀን ያልመጣለትን ከተማ ታሪክ አይጽፈውም። እውነት ነው። ሆኖም የተሸነፈ ቅስቀሳ በማግስቱ ቢሮውን ዘግቶ ይሄዳል። የጆንስ ደሴቷ ሴት ግን ሕጉ ባይወጣም ለልጇ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ሐዋላዋን ራሷ ትሞላለች፣ አብረዋት የተማሩትን ጎረቤቶቿን ታምናለች። ይህ ልዩነት ወደ ሰፈሩ ሥራ እንዳደላ አደረገኝ፤ ትልቁን ድርሻ ለእሱ እሰጣለሁ። እንደ ሴልማ ያለ ቀን ሲመጣ ባዶ እጅ ላለመገኘት ምን ያህል ይቀመጥ የሚለውን ግን ገና አልቆረጥኩም።