ዝነኛው ድምፅና የሕጻኗ ድምፅ



ይህችን ጽሑፍ ጉንደ ወይን ሆኜ ሳዘጋጅ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማኛል። ጋዜጠኛ ነኝና የማይክሮፎንን ኃይል አውቃለሁ፤ ዘወትር የምንሰማውን ሰው ሳናውቀው እናምነዋለን። ይህ እምነት አማና ነው።

ስቱዋርት ሆል በእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. ለአሥርተ ዓመታት ዜና ያቀረበ፣ እግር ኳስ የዘገበ፣ የጨዋታ ዝግጅት የመራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መግቢያ የክብር ኒሻን አገኘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተያዘ። በመጀመሪያ ክሱን ሐሰት ነው ብሎ በአደባባይ ካደ። በ2013 ግን ከ1967 ጀምሮ በ13 ልጃገረዶች ላይ 14 ጊዜ የፈጸመውን ነውር አመነ፤ ትንሿ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። የተፈረደበትን 15 ወር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ወደ 30 ወር አሳደገው። በ2014 በሌላ ጥፋት ሌላ 30 ወር ተፈረደበት። ኒሻኑም ተነጠቀ።

ልብ በሉ! ያን ሁሉ ዘመን ዝናው ጠበቃ ቆሞለት ነበር። የ9 ዓመቷን ልጅ ማን ያምናት ነበር?

«የፈረንጅ አገር ጉድ ነው» የሚል ካለ ወሎን ያስታውስ። የጃሪ የሕጻናት መንደር ኃላፊ የነበረው እንግሊዛዊ ዴቪድ ክሪስቲ፣ በአደራ በተሰጡት ልጆች ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት እ.ኤ.አ. በ2003 በአገራችን ፍርድ ቤት 9 ዓመት ጽኑ እስራት ተፈርዶበታል።

እኛስ? አጥፊው ባለሀብት፣ መምህር ወይም የተከበረ ዘመድ ሲሆን «የቤተሰብ ስም ይጠፋል፤ በሽማግሌ ይለቅ» እንላለን። ከመኽዙም ጎሣ የሆነች የትልቅ ሰው ልጅ በሰረቀች ጊዜ አማላጅ ቢላክባቸው ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ተቆጥተዋል። ከኛ በፊት የነበሩት የጠፉት ባለክብሩን እየማሩ ደካማውን በመቅጣታቸው መሆኑን አስተምረዋል። የወንድምን ነውር መሸፈን መልካም ነው፤ ሕጻን የሚበላን አውሬ መሸፈን ግን በዳይን መርዳት ነው።

ያለ ማስረጃ ስም ማጥፋትም ሐራም ነው። ስለዚህ ሐሜቱን ትተን ልጁን እናዳምጥ፤ ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ እንውሰደው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ዕድሜው 13 ዓመት ባልሞላ ተቃራኒ ጾታ ሕጻን ላይ ለሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድርጊት በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል። ይህን የሚያስቀር የሽማግሌ ዕርቅ የለም።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ «እገሌን እፈራዋለሁ» ካላችሁ፣ ስለ እገሌ ክብር ከማውራታችሁ በፊት «ምን አደረገህ?» በሉት። አላህ የተበደለን የምንሰማ ያድርገን። አሚን።